ጆርናሉ ወረቀታችሁን በሪፈረንስ እንዳይመልስባችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ የማውቀው ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። ማስተርሱን ጨርሶ ከቴሲሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ለጆርናል ልኮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተመለሰበት። ሪቪወር፣ ወረቀቱን የሚገመግመው ባለሙያ፣ እጅ እንኳ አልገባም። የኤዲተሩ መልእክት ሁለት መስመር ነው፤ ሪፈረንሶቹ መመሪያችንን አይከተሉም፣ ተስተካክለው ይላኩ ይላል። «ስድሳ ሁለት ሪፈረንስ ነው፣ ሁሉንም በእጄ ነው የተየብኩት፣ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ድካም አውቀዋለሁ። እኔም የመጀመሪያ ወረቀቴ በዚሁ ምክንያት ተመልሶብኝ ደሴ ላይ አንድ ሙሉ ሳምንት ኮማና ነጥብ ስለቅም ከርሜአለሁ። አብሽር አልኩት። ማታ ቁጭ ብዬ የነገርኩትን ሁሉ ጻፍኩት፤ ለእሱም ይሆናል፣ ለእናንተም።

ሰው ሪፈረንስ፣ የተጠቀሱት ምንጮች ዝርዝር፣ ሲባል ወዲያው የሚታየው ኮማና ነጥብ ነው። እሱ ቀላሉ ነው፤ ኮማውን እንደ ዞቴሮና ኤንድኖት ያለ ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር ይሠራዋል። እኛን የሚጥለን ስማችንና ዓመተ ምሕረታችን ነው። ስታይሎቹን፣ የሪፈረንስ አጻጻፍ ደንቦቹን ማለት ነው፣ ያወጡት ሰዎች ደራሲ ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው፣ ዓመትም አንድ ዓይነት ብቻ ነው ብለው ነው የተነሡት። እኛ ጋ ያለው የራስ ስምና የአባት ስም ነው፤ ዓመታችንም ከእነሱ በሰባት ወይ በስምንት ያንሳል። ይሄን ሶፍትዌሩ አያውቅልንም። ስለዚህ እዚያ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

መመሪያውን ሳታነቡ ምንም አትንኩ

ጆርናሎች ድረ ገጻቸው ላይ ለደራሲዎች ያወጡት መመሪያ አላቸው። ሰው ይከፍተዋል፣ ርዝመቱን ያያል፣ ይዘጋዋል። እናንተ ግን የሪፈረንሱን ክፍል ብቻ ፈልጋችሁ አንብቡና እነዚህን በወረቀት ላይ ጻፉ፦ የትኛው ስታይል ነው፣ ስንተኛው እትም፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው ወይስ ጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሰበት ተራ፤ ደራሲዎቹ ሲበዙ ስንቱ ተጽፎ ነው «ኢት አል» (እና ሌሎች) የሚባለው፤ የጆርናል ስም በሙሉ ነው ወይስ ባጭሩ፤ ዲኦአይ (የአንድ ወረቀት ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ግዴታ ነው ወይ፤ የሪፈረንስ ብዛት ገደብ አለው ወይ። ይቺን ወረቀት ላፕቶፑ አጠገብ ለጥፏት።

ከዚያ ከዚያው ጆርናል ቅርብ ጊዜ የወጡ ሁለት ወረቀቶች አውርዱና የሪፈረንስ ዝርዝራቸውን እዩ። መመሪያው አንድ ነገር ብሎ የታተመው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መመሪያው ከተጻፈ በኋላ ማንም ሳያድሰው ዓመታት ያልፋሉ። እንዲህ ሲሆን እኔ የታተመውን ነው የምከተለው።

አንዳንድ ትልልቅ አሳታሚዎች፣ ለምሳሌ ኤልሰቪየር በብዙ ጆርናሎቹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ በምንም ስታይል ቢሆን ወጥ እስከሆነ ድረስ ይቀበላሉ፤ ቅርጹን የሚጠይቁት በኋላ ነው። መመሪያው ላይ ይሄ ካለ በከንቱ አትድከሙ። ከሌለ ግን ከመጀመሪያው አስተካክሉ።

የትኛው መስክ የትኛውን ይጠቀማል የሚለው በግርድፉ ይሄ ነው፦ ጤና ቫንኩቨር፣ ምሕንድስና አይትሪፕልኢ፣ ትምህርትና ሥነ ልቦና ኤፒኤ፣ ታሪክ ቺካጎ። ቫንኩቨር የተባለው የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች በ1978 እ.ኤ.አ. ካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ላይ ተሰብስበው ስለጀመሩት ነው። ኤፒኤን በተመለከተ እትሙን ጠብቁ። ሰባተኛው እትም የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ አሁንም በየቴሲሱ ይቀዳል። በአዲሱ የአሳታሚው ከተማ አይጻፍም። በዝርዝሩ ውስጥ እስከ ሃያ ደራሲ ድረስ ሁሉም ይጻፋሉ። በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንደኛው ስምና «ኢት አል» ነው። የቀድሞ አድቫይዘራችሁ ያስተማሯችሁ ስድስተኛው እትም ከሆነ እሳቸው አልተሳሳቱም፣ ዘመኑ አልፎ ነው።

አንዱን ፈታተን እንየው

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ አለ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል፤ ስለ ወሎ ታሪክ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያገኘዋል። እሱን በአራት ስታይል ላሳያችሁ። የኮማና የነጥቡ ቦታ በደንብ እንዲታይ በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ እናንተ ወረቀቱ ላይ በላቲን ነው የምታስገቡት።

ኤፒኤ፦ ታደሰ ታምራት. (1970). ዘ አቦትስ ኦፍ ደብረ ሐይቅ, 1248–1535. ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ, 8(1), 87–117.

ቫንኩቨር፦ 1. ታደሰ ታ. ዘ አቦትስ ኦፍ ደብረ ሐይቅ, 1248–1535. ጄ ኢትዮፕ ስተድ. 1970;8(1):87–117.

አይትሪፕልኢ፦ [1] ታ. ታምራት, «ዘ አቦትስ ኦፍ ደብረ ሐይቅ, 1248–1535,» ጄ. ኢትዮፕ. ስተድ., ቮል. 8, ኖ. 1, ፒፒ. 87–117, 1970.

ቺካጎ በግርጌ ማስታወሻ፦ 1. ታደሰ ታምራት, «ዘ አቦትስ ኦፍ ደብረ ሐይቅ, 1248–1535,» ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ 8, ኖ. 1 (1970): 87–117.

ዕቃው በአራቱም አንድ ነው፦ ደራሲ፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ጆርናል፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ገጽ። ቦታውና ምልክቱ ነው የሚለያየው። ኤፒኤ ላይ የጆርናሉ ስምና ቅጹ ያዘነብላሉ፣ በቅንፍ ያለው ቁጥር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቫንኩቨር ላይ ከዓመቱ በኋላ ባለው ሴሚኮለን ዙሪያ ክፍት ቦታ የለም፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ስፔስ ይጨምራል። ስለዚህ ጽሑፉን በምታነቡበት ቀን እነዚህን ሰባት ነገሮች ከያዛችሁ ሌላው የማሽን ሥራ ነው። የገጽ ቁጥር ሳትይዙ መጽሐፉን ለላይብረሪ ከመለሳችሁ ግን ማሽኑ ምንም አያደርግላችሁም።

አሁን ደግሞ ስሙን እዩት። ኤፒኤ ላይ ሙሉ ስማቸውን ነው የጻፍኩት። ሶፍትዌሩን ዝም ካላችሁት ግን «ታምራት, ታ.» ብሎ ያወጣዋል፤ የአባታቸውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገውና በአባታቸው ይጠራቸዋል። የራሳቸውም የአባታቸውም ስም በ«ታ» ስለሚጀምር ደግሞ በፊደል ብቻ ሲጻፍ የቱ የራስ፣ የቱ የአባት እንደሆነ አይለይም።

ስማችን

ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ፣ ስንት አሊ፣ ስንት ይመር፣ ስንት እንድሪስ አለ? አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አምስት ታገኛላችሁ። የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል አሳጥሮ የአባትን ስም ብቻ በሚያስቀር ስታይል ሙሐመድ አሊም፣ ሙሉ አሊም፣ ሙሉጌታ አሊም «አሊ, ሙ.» ይሆናሉ። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ዓመት ወረቀት ካወጡ ሶፍትዌሩ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ዓመቱ ላይ ሀ እና ለ ይለጥፍባቸዋል። ይሄን ስህተት በታተመ ወረቀት ላይ ሳይ ያመኛል፤ የአንዱ ሰው ሥራ ለሌላው ሰው ተሰጠ ማለት ነው።

መፍትሔው እንደ ጆርናሉ ይለያያል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ያሉ ጆርናሎች ኢትዮጵያዊ ደራሲን ብዙውን ጊዜ በራሱ ስም ይጀምራሉ፣ ሙሉውን ይጽፋሉ፣ በመሃል ኮማ አያስገቡም፣ በፊደል ተራም በራሱ ስም ይሰለፋል። መመሪያው ይሄን ከፈቀደ እንዲህ ሥሩ። ዞቴሮ ላይ ስም ከሚጻፍበት ሳጥን ጎን ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የሚቀይር ትንሽ ምልክት አለ፤ እሷን ተጭናችሁ ሙሉ ስሙን በአንዱ ሳጥን ጻፉት። ከዚያ ወዲያ አይገለብጠውም። ኤንድኖት የምትጠቀሙ ከሙሉ ስሙ መጨረሻ ላይ ኮማ አድርጉ፤ እንደ አንድ ስም ይወስደዋል።

የጤናና የምሕንድስና ጆርናሎች ግን አይቀበሏችሁም። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ስምና ፊደል ነው። እንዲህ ሲሆን የተጠቀሰው ወረቀት ራሱ፣ ወይም ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ስሙን እንዴት እንዳስቀመጠው እዩና እሱኑ ተከተሉ። አንዱን ሰው በቁጥር 4 «ሰይድ ሙ» በቁጥር 19 «ሙሐመድ ሰ» አድርጋችሁ አትጻፉት። ይሄ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ሪቪወር ደግሞ የራሱ ስም ሲበላሽ ቶሎ ያየዋል።

ጥምር ስም ላይ ተጠንቀቁ። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ አንድ ስም ናቸው። በላቲን ሁለት ቃል ሆነው ከተጻፉ ሶፍትዌሩ ይቆርጣቸውና «ማርያም, ኃ.» ያደርገዋል። ስሙ ተቆርጦ ማርያም ብቻ ቀረች ማለት ነው። እያንዳንዱን በዓይናችሁ እዩ።

ማዕረግ አይጻፍም። ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ ሸህ፣ መምህር፣ አቶ፣ ወይዘሮ ሁሉም ይወጣል። ትልቅ ሰውን ያለ ማዕረግ መጻፍ ለእኛ ይከብደናል፣ ይገባኛል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው የሚቆመው፤ አክብሮቱን ምስጋና ላይ ጻፉት።

ስለ ራሳችሁ ስም ደግሞ ዛሬውኑ ወስኑ። ሙሐመድን በላቲን የሚጽፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ በ«ኦ»፣ በ«ዩ»፣ በአንድ «ኤም»፣ በሁለት «ኤም»። ዲግሪያችሁ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ሌላ፣ የመጀመሪያ ወረቀታችሁ ላይ ሦስተኛ ከሆነ ጎግል ስኮላር ሦስት ሰው አድርጎ ያያችኋል። አንዱን ምረጡ፣ ከእሱ አትውጡ፣ ኦርኪድ ላይም ተመዝገቡ። ነፃ ነው፤ አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስማችሁ እንዴትም ቢጻፍ ሥራችሁ እሱ ላይ ይሰበሰባል።

ዓመታችን

የእኛን ዓመት ወደ እ.ኤ.አ. ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ባለው ጊዜ ሰባት ትደምራላችሁ። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜ ማለቂያ ስምንት። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ለሪፈረንስ ይሄ እምብዛም አያስጨንቅም።

በሁለት ምሳሌ እንየው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ነው፤ ሚያዝያ ስለሆነ ስምንት ስንደምር 1889 ይመጣል፣ ሜይ 2። የንጉሥ ሚካኤል ጦር የተሸነፈበት የሰገሌ ጦርነት ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ነው፤ ጥቅምት ስለሆነ ሰባት፣ 1916፣ ኦክቶበር 27። ሁልጊዜ ስምንት የሚደምር ሰው ሰገሌን 1917 ያደርገዋል። አይቻለሁ።

ወሩ የማይታወቅ መጽሐፍ ከሆነ፣ ሽፋኑ ላይ 1966 ዓ.ም ብቻ ካለ፣ 1973/74 ብላችሁ ጻፉና 1966 የእኛው ዓመት መሆኑን ከጎኑ ለይታችሁ አስቀምጡት። ምልክት የሌለው ዓመት ግን በጭራሽ አትተዉ። ለምን እንደዚህ እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። በወሎ ታሪክ ከሚታወቁት ትልልቅ ረሃቦች አንዱ የ1966ቱ ነው፤ በእነሱ 1973 እና 74። ግን በእነሱ 1966 ላይም ወሎ ውስጥ ረሃብ ነበር፤ እሱ በእኛ 1958 ገደማ ነው። በእነሱ 1958 ደግሞ ትግራይ ውስጥ ረሃብ ነበር። እና አንድ ሰው «የ1966 የወሎ ረሃብ» ብሎ በእንግሊዝኛ ወረቀት ውስጥ ያለ ምልክት ሲጽፍ፣ አጠገቡም በፈረንጅ ዓመት የታተመ ምንጭ ሲጠቅስ፣ አንባቢው ሌላ ረሃብ ያስባል። ያለቀው ሕዝብ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ መንስኤውም ሌላ ይሆንበታል። ይሄ የቅርጽ ጉዳይ አይደለም፤ የስንት ሰው ሞት በተሳሳተ ዓመት ይመዘገባል።

ሕግ ስትጠቅሱም እንዲሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ 1/1995። አንድ አዋጅ ነው። የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ተጠቀሙ፣ አማርኛውን እየተረጎማችሁ አትፍጠሩ፤ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ታትመዋል።

የአማርኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወረቀት ውስጥ ሲጠቀስ ርዕሱ በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ይጻፋል፣ ከዚያ በማዕዘን ቅንፍ ትርጉሙ ይከተላል። ትርጉሙን ብቻ ጽፎ ዋናውን መተው አይገባም፤ አንባቢው መጽሐፉን ፈልጎ አያገኘውም። ፊደል አገላለጡ ላይ አንድ መንገድ ያዙና እስከ መጨረሻ ሂዱበት።

ሌላም አለ። ወሎን በላቲን የሚጽፍበት መንገድ ከሦስት በላይ ነው፤ ደሴም እንዲሁ። የራሳችሁ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ምረጡ። የሰው ርዕስ ውስጥ ግን ሰውየው እንደጻፈው ተዉት፣ ስህተት ቢመስላችሁም አታርሙት።

መጽሐፍ ያልሆኑ ምንጮች

ወሎ ላይ የሚሠራ ጥናት ግማሹ ምንጩ ከላይብረሪ አይመጣም። አባጋር፣ የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ፣ አነጋግራችሁ ይሆናል፣ ገዳም ገብታችሁ ብራና አይታችሁ ይሆናል፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይዛችሁ ይሆናል።

ቃለ መጠይቅ በኤፒኤ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ለጥናቱ መረጃ የሰጡ ሰዎች ከሆኑ በኮድ ነው የሚጠሩት፤ ስማቸውን ሪፈረንስ ላይ ማውጣት የገባችሁላቸውን ቃል ማፍረስ ነው። ታሪክ ላይ ግን ልማዱ ሌላ ነው። አገራችን ውስጥ የታሪክ ቴሲሶች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ያዙት፣ ቀኑን እዚያው ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ አይታወስም።

ብራና ከሆነ የሚጠቀሰው ያለበት ቦታ፣ መለያ ቁጥሩና ቅጠሉ ነው። በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች «ኢኤምኤምኤል» የሚል ቁጥር አላቸው፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ለምሳሌ ኢኤምኤምኤል 1832 ነው። ብራና ገጽ ሳይሆን ቅጠል ነው የሚቆጠረው፤ የቅጠሉ ፊት «አር»፣ ጀርባው «ቪ» ይባላል። ቁጥር ለሌለው ብራና የገዳሙን ወይም የመስጊዱን ስም፣ ወረዳውን፣ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ።

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ደራሲው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስሙን ሰነዱ ላይ እንዳለው ጻፉት። የ1999 ዓ.ም ቆጠራን ያካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ስሙ ተቀይሯል ብላችሁ የድሮውን ሰነድ በአዲስ ስም አትጥሩት። የጤና ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠቅሱት የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ እንዴት እንደሚጠቀስ መግቢያው ገጾች ላይ ራሱ ጽፎታል። ትልልቅ ሪፖርቶች ላይ ይሄ የተለመደ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ስድሳ ሁለቱን ከየት ልጀምር?

ወደ ኮምቦልቻው ልጅ ጥያቄ ልመለስ። በእጅ የተየበውን በእጅ አያስተካክለውም። ዞቴሮን አውርዶ ይጫን፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ ለሚውልብን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሜንዴሌይም ነፃ ነው፣ የለመደው ይጠቀምበት። ኤንድኖት በገንዘብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ካልገዛላችሁ አያስፈልጋችሁም።

ከዚያ የእያንዳንዱን ወረቀት ርዕስ ክሮስሬፍ በሚባለው የዲኦአይ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ዲኦአዩን ይፈልግ። ዲኦአዮቹን በአንድ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ይሰብስብ። ዞቴሮ ላይ የምትሃት ዘንግ የምትመስል ምልክት አለች፤ እሷን ተጭኖ ዝርዝሩን ባንዴ ይለጥፈው። አብዛኛው ራሱ ይሞላል። ዲኦአይ የሌላቸውን፣ የአገር ውስጥ መጻሕፍትና ሪፖርቶች ማለት ነው፣ በእጁ ያስገባ። እኔ ባየሁት ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ያልቃል።

ይሄን ሲሠራ አንዳንዱ ርዕስ የትም ላይገኝ ይችላል። እዚህ ላይ በቁም ነገር ስሙኝ። ከቻትቦት የተቀዳ ሪፈረንስ ከሆነ ወረቀቱ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። እውነተኛ ደራሲ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ የውሸት ርዕስ አጋጥሞ ያመጣላችኋል፤ ዲኦአዩም የሌላ ወረቀት ይሆናል። ከፍታችሁ ያላያችሁትን ወረቀት አትጥቀሱ። ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ አይታችሁ ከሆነም ዋናውን ፈልጉ፣ ካላገኛችሁት በእገሌ እንደተጠቀሰ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ሶፍትዌሩ የሞላውንም አትመኑ። በተለይ ርዕሱን። አንዳንዱ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ይመጣል። ዞቴሮ ውስጥ ርዕሱ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ቅርጽ መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ከቀየራችሁ በኋላ የአገርና የከተማ ስሞችን እዩ፤ ኢትዮጵያም ደቡብ ወሎም በትንሽ ፊደል ተጀምረው ሊቀሩ ይችላሉ። ጎግል ስኮላር ላይ ካለው የጥቅስ ቁልፍ በቀጥታ መቅዳትም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ወይ ገጹ የሚጎድልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጆርናል ስም ባጭሩ ከተባለ ከራሳችሁ አታሳጥሩ። የጤናውን የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ታገኙታላችሁ። የኢትዮጵያ ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዴቨሎፕመንት «ኢትዮፕ ጄ ሄልዝ ዴቭ» ነው። አንድ ቃል ብቻ የሆነ ስም አይታጠርም።

ወርድ ላይ ሳይቴሽን፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን የምንጭ መጥቀሻ፣ የምታስገቡት በዞቴሮ ቁልፍ ብቻ ይሁን። ቫንኩቨርና አይትሪፕልኢ ላይ አንድ አንቀጽ ወደ ላይ ብትወስዱ ቁጥሩ ሁሉ ይቀያየራል፤ በእጅ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስትቆጥሩ ትውላላችሁ፣ በቁልፍ ከሆነ ራሱ ይታደሳል። ጆርናሉ ባይቀበላችሁና ወደ ሌላ ብትልኩት ስታይሉን መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮፒ ያዙ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ላፕቶፑን ከነቴሲሱ ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ የአራት ዓመት ንባብ ነበር። ዞቴሮ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ሲንክ አድርጉ። ለፒዲኤፍ የሚሰጠው ነፃ ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ የሪፈረንሱ መረጃ ግን ከዚያ አይቆጠርም። ፒዲኤፉን በፍላሽም ያዙት፣ ፍላሹም ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ልትልኩ ስትሉ ዝርዝሩን አትሙና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ሳያገኝ የቀረ ካለ ያላነሣችሁት ነው፣ አውጡት። ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ የሌለም ይኖራል። የስም አጻጻፉና ዓመቱ በሁለቱም ቦታ አንድ መሆኑን እዩ። ዲኦአዮቹን አንድ በአንድ ተጭናችሁ ትክክለኛው ወረቀት መከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡና በዚያኛው ቅጂ ላይ ብቻ የዞቴሮውን ግንኙነት ቁረጡት፤ ዋናው እንዳለ ይቀመጥ፣ ሪቪወሮቹ ማስተካከያ ሲጠይቁ የምትመለሱበት እሱ ነው።